ነጥብ አሥራ አራት

ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለተከበሩት አያቴ ለጋሽ ዳይሬክተር፣

ሰላምታዬ በመንገድ ላይ ውርጭ ሳይመታው ትኩስ እንዳለ ይድረስዎ። እርስዎም፣ እማማም፣ መነጽርዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ አፍንጫዬ ግን በብርዱ ምክንያት የራሷን ኑሮ ጀምራለች።

አባባ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምናዘዘው ነገር አለ። ቢቀመጡ ይሻላል። እኔ የእህትዎ የልጅ ልጅ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በምስክሮች ፊት፣ እርስዎን ሳላስፈቅድ ሥራ ቀጥሬዎታለሁ። ደመወዝ የለውም። መልቀቂያም የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ለዘመድ ሁሉ «ልጄ ሳተላይት ታበርራለች» እያለች እንደምታወራ ሰምቻለሁ። አላበርርም። እዚህ የመጣሁት ሰደድ እሳት በሚያጠና ጣቢያ ለብርዱ ወራት ተለማማጅ ሆኜ ነው። «እሳት በብርድ ይጠናል ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። በሙቀቱ ወራት እሳቱ ራሱ ስለሚመጣ ለተማሪ ጊዜ ያለው ሰው የለም። በብርዱ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከሰማይ የተነሡ ሥዕሎችን እያዩ የትኛው መሬት እንደተቃጠለ ካርታ መሥራት። ሁለተኛው ሜዳ ላይ ነው፤ ትልቁ እሳት መጥቶ ሁሉን ከመብላቱ በፊት የደረቀውን ሣር በልክ፣ በሥርዓት፣ ዙሪያውን ውሃ ይዞ፣ ራስ መለኮስ። ሆን ብሎ፣ አባባ! በፈቃድ! ክብሪት በነካሁ ቁጥር እናቴ በማማሰያ እጄን የምትለኝ እኔ!

ችግሩ፣ ችቦ ይዞ ሜዳ የሚወጣው ከተለማማጆች አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካርታው ከሁሉ የታመነለት። አለቃችን ግራ ቅንድቧ ግማሽ የሆነ ሴትዮ ናት፤ ሌላውን ግማሽ እሳት ተውሶት አልመለሰም። እንዲህ አለችን፦ «ኮምፒዩተሩ እንደ ሰፈር ወሬኛ ነው። ጭስ ሳያይ ተቃጠለ ይላል። ስለዚህ የምታውቁትን አገር ምረጡ፤ በእግሩ ሄዶ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ።»

የኛን ኮረብታዎች መረጥኩ። ሰው ስትለኝ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሱቅ በር ላይ ያለ ማስታወቂያ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ስምዎን ጽፌ ከጎኑ «ከፍተኛ የመስክ ባለሙያ» አልኩ።

በኅዳር ሥዕል ላይ ካርታዬ «ተቃጥለዋል» ያላቸው ሃያ ነጥቦች ናቸው። የጓደኛዎ የልብስ ሰፊው ስልክ መንገዱን ያሳያል። ደርሰው አይተው «ተቃጥሏል» ወይም «አልተቃጠለም» ማለት ብቻ ነው። በስልክ የተነበበ ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም እንደሚሉ ስለማውቅ፣ ይህንንም ሰፊው ፎቶኮፒ ቤት አሳትመው ያመጡልዎታል።

አክባሪዎና ቀጣሪዎ፣
ፌንጣ


ታኅሣሥ 13

ለልጃችን ለፌንጣ፣

ፈጣሪ ከብርድ ይሰውርሽ፣ ከእሳት ያርቅሽ ብዬ ልመርቅሽ ከጀመርሁ በኋላ፣ ከእሳት ከራቅሽ ሥራ እንደምትፈቺ ትዝ ስላለኝ «በልክ ያቅርብሽ» ብዬ አርሜዋለሁ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ብቻ በየጉዳዩ የራሱ አስተያየት አለው።

ደብዳቤሽን በቀይ እስክሪብቶ አነበብሁ። ከአሥር ሰባት ሰጥቼሻለሁ። ሦስቱን የቀነስሁት አንድን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳያማክሩ መቅጠር የአሠራር ግድፈት ስለሆነ ነው። ሥራውን ግን ተቀብያለሁ።

ቡድን አቋቁሜያለሁ። እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ ሰፊው ስልኩን ይይዛል፤ ባለ ወፍጮው ጉልበት ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ቀሪውን ሁሉ ይይዛል። ሰኞ ጠዋት በሰፊው ሱቅ በር ላይ እንድንሰለፍ አዝዤ ነበር። ሰፊው የገዛ ሱቁ በር ላይ አርፍዶ መጣ። ስም ስጠራ «አቤት» እንደማለት «ያው እያየኸኝ!» አለኝ። ይህንን መዝግቤበታለሁ።

ሰፊው ሳተላይቷ በስንት ሰዓት እንደምታልፍ ይጠይቃል፤ ጸጉሩን ሳያበጥር መታየት አይፈልግም። ባለ ወፍጮው ደግሞ ጎረቤቱ አጥሩን በሌሊት ገፍቶ እንደሆነ ከላይ አይተሽ ብትነግሪው ይወዳል። እኔ እንዲህ ያለ ተራ ጥያቄ የለኝም። ሰው ሲመጣ ግን የፀሐይ ባርኔጣ ብትልኪልን ለሥራው ክብር ይሰጠዋል። ሦስት ይሁን፤ አንድ ዓይነት ይሁን።

አያትሽ

(በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፦) እኔ እማማ ነኝ። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳልቀሰቅሰው የተነሣው ዛሬ ነው። ፊሽካውን ከሣጥን አውጥቶታል። ልጄ፣ ያሰብሽበት ነገር እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።


ታኅሣሥ 18

ይድረስ ለሰብሳቢው፣ ለባለ ስልኩና ቀሪውን ሁሉ ለሚይዙት፣

ጉልበት ለአባባ፣ ሰዓት አክባሪነት ለሰፊው፣ ትዕግሥት ለእማማ ይስጥልኝ።

ሳተላይቷ በየጥቂት ቀኑ ረፋድ ላይ ታልፋለች። ሰፊው ግን አይሥጉ። በሥዕሉ ላይ ከሁሉ የምታንሰው ነጥብ የአንድ መማሪያ ክፍል ስፋት አላት። ስለዚህ ጸጉራቸው ቢበጠርም ባይበጠርም፣ ቢኖርም ባይኖርም አትለየውም። የባለ ወፍጮውም ጎረቤት አጥሩን የገፋው አንድ ሜዳ ሙሉ ካልሆነ እኔ ምስክር አልሆንም።

አባባ፣ እዚህ ምን እንደምሠራ ቢያዩ! ሳተላይቷ የኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ታያለች። ሕያው ቅጠል በዚያ ብርሃን እንደ ፋኖስ ያበራል፤ የተቃጠለ መሬት ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። የበፊቱንና የኋላውን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱን ከአንዱ ሳስቀንሰው፣ የተቃጠለው ቦታ ራሱ ተነሥቶ «እዚህ ነኝ!» ይላል። ትናንት ሳላስበው ጮኼ ቢሮው ሁሉ ዞረብኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው ተለማማጅ፣ ረጅሙ የምለው ልጅ፣ ሻዩን ኪቦርዱ ላይ ደፋ። እሱም እንደኔ ችቦውን ስለሚፈልግ ብዙም አላዘንኩለትም።

የእሳት ልብስም ለካን። እጅጌው ውስጥ አንድ ሌላ ተለማማጅ ይገባል። በሬዲዮ የምንጠራበት አጭር ስም ስጡ ሲሉን «ፌንጣ» አልኩ። ትርጉሙን ስነግራቸው ሳቁ። አሁን አለቃችን ቢሮም ውስጥ በእሱ ነው የምትጠራኝ።

የነጥቦቹን ውጤት እንደ ፈተና ውጤት እየጠበቅኩ ነው።

ፌንጣ


ታኅሣሥ 28

ለልጃችን ለፌንጣ፣

እግርሽ እርጥብ፣ ካርታሽ ቀና ይሁን። ለደብዳቤሽ ስምንት። ሰፊው ስለ ጸጉሩ ያልሽውን ጮክ ብዬ ካነበብሁለት ወዲህ አኩርፏል፤ በአኩራፊነቱም ፈጣን ሆኗል።

እነሆ ውጤት። ከነጥብ አንድ እስከ ነጥብ አሥራ ሦስት ሁሉም ተቃጥሏል። ሁሉም እንዳልሽው ነው! በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፊሽካ ነፍተናል። ባለ ወፍጮው «ይህች ልጅ ከዚያ ማዶ ሆና የኛን አመድ ታያለች» እያለ ለወፍጮ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። ስምሽ በሰፈሩ ከፍ ብሏል። ትናንት የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ ለደብዳቤሽ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ነጥብ አሥራ አራት ከድሮው የድንጋይ መፍጫ ጀርባ ነው። እርሱን በሚመለከት ሥራው በሂደት ላይ ነው። መንገዱ ትንሽ አስቸጋሪ ነው፤ ሌላም ሌላም።

ለመሆኑ፣ እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ያህል፣ ከነጥቦችሽ አንዱ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ምን ይደርስብሻል?

የባርኔጣው ነገር ይቅር። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ይሻላል።

አያትሽ

(በጠርዙ፦) እኔ ነኝ። ሦስቱም ትናንት ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ዋሉ። ሻይ ይዤ ስወጣ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። በዚህ ደረቅ ወር ምን ዝናብ አለ?


ጥር 2

ይድረስ ለአባባ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ከጤናም ላይ የዝላይ ኃይል።

አሥራ ሦስት ከአሥራ ሦስት! ረጅሙ ሰባተኛው ላይ አንድ ስቷል። ልቤ ከበሮ ሆናለች።

አንድ ነጥብ ቢሳሳትስ አሉኝ? አባባ፣ አይጠሩብኝ። ሰማዩ ይደፋብኛል። አለቃችን ያለቻትን ግማሽ ቅንድብ ታነሣለች። ረጅሙ ችቦውን ይዞ በፊቴ ይመላለሳል። እኔ ቢሮ ቀርቼ ሻይ ሳፈላ አረጃለሁ፤ ወደ አገር ቤት ስመለስ ሕፃናት በጣት እያሳዩ «ያቻት፣ እሳት ያላየችው የእሳት ተማሪ!» ይሉኛል። ባል አላገኝም። ፈልጌ አይደለም፤ ግን አላገኝም። እንግዲህ የአንድ ነጥብ ነገር ይህን ያህል ነው።

ስቀልድ እንደሆነ ያውቃሉ። ግማሹን።

ፌንጣ


ጥር 14

አባባ፣ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ደህና ናችሁ ወይ? እርስዎ እኮ የታመመ ሰው ጥየቃ ሄደው እንኳ በዚያው ቀን ሪፖርት የሚጽፉ ሰው ነዎት። ለሰፊው ስልክ ደወልኩ፤ «ሥራ ላይ ነን» ብለው ዘጉብኝ፤ ከኋላ ባለ ወፍጮው ሲስሉ ሰማሁ። ሪፖርቱ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ የኔ ጭንቀት ግን ሪፖርቱ ብቻ አይደለም። አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ፌንጣ


ጥር 17

ለልጃችን ለፌንጣ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደህና ነን።

ነጥብ አሥራ አራት ተቃጥሏል። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያም ተቃጥሏል። ሃያ ከሃያ። እንኳን ደስ አለሽ።

ጫማው ቀርቶ፣ ለቃጠሎ የሚሆን ቅባት የሚልክ ሰው ቢገኝ መልካም ነው። ለእኔ አይደለም። ሰፊው እጁን ካውያ አግኝቶት ነው።

አያትሽ

(በጠርዙ፦) የሰፊው ካውያ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ሱሪ የሚተኩሰው እኛ ቤት መጥቶ ነው። ሰውየውን «ያንተስ ሸሚዝ ለምን ጭስ ጭስ ይላል?» ብዬ ብጠይቀው «ከሰው ጋር ቆሜ ነው» አለኝ። ምን ዓይነት ሰው?


ጥር 21

ይድረስ ለተከበሩት አያቴ፣

ለእጅ ሁሉ፣ በተለይም ለሰፊው እጅ ምሕረት ይሁን። ቅባቱን የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

አባባ፣ ይህችን ደብዳቤ ለብቻዎ ያንብቧት።

ሃያ ከሃያዬን ይዤ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ እየዘለልኩ ነበር። አየችው። አገላብጣ አየችው።

«ሃያ ከሃያ?»

«አዎ!»

«በዚህ ቤት ሃያ ከሃያ ያመጣ ሰው የለም። እኔም አላመጣሁም። የመስክ ሰውሽ ማነው?»

«ዳይሬክተር ናቸው» አልኳት በኩራት።

«እንግዲያስ ጎበዝ ዳይሬክተር ናቸው» ብላ ሄደች። ረጅሙ አሥራ ስምንት ነው ያገኘው። ጨበጠኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ፊቱ ግን የምር ነበር።

ከዚያ ደስታዬን ላጣጥም ብዬ የሰሞኑን አዲስ ሥዕል ከፈትኩ። እዩኝ እዩኝ ሲለኝ ነጥብ አሥራ አራትን አጎላሁት። አባባ፣ እዚያ ላይ ፍም የምትመስል ቀይ ነጥብ አለች። ከእሷ የተነሣ ስስ ጭስ ወደ ጎን ተጋድሟል። «ይኸው! እየነደደ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ቀኑን አየሁት። ጥር 11። እኔ «ተቃጥሏል» ያልኩት በኅዳር ነው!

ወደ ቀደሙት ሥዕሎች ተመለስኩ። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ኅዳር ላይ አንድ ጥቁር ነገር አለ፤ ከጎኑ አንዲት ነጭ ደመና። ጥላዋ ነው፣ አባባ። የደመና ጥላ አይቼ እሳት ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እሳት ሆነ። ካርታዬ ነቢይ ወጣላት።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ያቺን ፍም ሳያት፣ ከጎኗ የእርስዎ ባዶ ጭንቅላት፣ ባርኔጣ እንኳ ያላደረገው፣ ሲሯሯጥ ታየኝና ሳቁ ቆመ። እኔ ነኝ «ሰማዩ ይደፋብኛል» ያልኩት። ቀልዴን ለሦስት ሽማግሌ ክብሪት አድርጌ ሰጠሁ።

ይህን ሥዕል ከእኔ በቀር ያየ የለም። ዝም ብል ችቦው የኔ ነው። ከትናንት ጀምሮ ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር፤ እንደሚያውቁኝ ዝምታ አልችልበትም። ነገ ጠዋት ለአለቃችን እነግራታለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው እውነቱን ነው። የነጥብ አሥራ አራትን ብቻ ሳይሆን የሃያውንም።

አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ፌንጣ


ጥር 23

ለልጄ፣

ዛሬ ምርቃት የለኝም፤ መራቂ ልመስል አልችልም። ለደብዳቤሽ አሥር ከአሥር። ለእኔ ዜሮ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ነጥብ አሥራ አራት ስንደርስ ሣሩ ወገባችን ድረስ ቆሟል። አንዲት አመድ የለችም። ሰፊው ስልኩን አዟዙሮ አየና «እዚህ ነው ትላለች» አለ።

«እንግዲያስ አልተቃጠለም ብለን እንጻፍ» አልሁ።

ባለ ወፍጮው እንደ ውሻ ጮኸብኝ። «አንተ ሰው፣ ልብ የለህም? ልጅቱን በሰው አገር፣ በሰው ፊት ልታዋርዳት?»

«ታዲያ ሣሩ ቆሟል እኮ!»

«ይቁማ! ለሣር ብለህ የገዛ ደምህን ትጥላለህ?»

«ደብዳቤ ጽፌ ልጠይቃት፤ አንዱ ቢሳሳት ምን እንደሚሆን» አልሁ። ጠየቅሁሽ። መለስሽ። ደብዳቤሽን ባነበብሁላቸው ጊዜ ባል አለማግኘትሽ ላይ ስደርስ ሰፊው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያም አንድ ሰው «ክብሪት ያለው ማነው?» አለ። ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ዙሪያውን ሣር አጭደናል፤ እርጥብ ጆንያ ይዘናል፤ ፊሽካ ነበረን። ነፋስ ግን አላማከርንም። እሳቱ ወደ ተባለበት ሄዶ ሄዶ ድንገት ዞረ። ሰፊው በእጁ ሊመልሰው ሞከረ። ባለ ወፍጮው ጆንያውን ለብሶ ተንከባለለበት። እኔ ሮጥሁ፤ ለእርዳታ ነው ልል ነበር፣ ነገር ግን ለእርዳታ አልነበረም። የጫማዬ ሶል እዚያው ቀርቷል። ያጨድነው ዳር ባይኖር ኖሮ እስከ ወፍጮው ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ መልስ የዘገየብሽም ስለዚህ ነው።

የቀረውን ትናንትና ዛሬ ብቻዬን ዞሬ አየሁ። ነጥብ ዘጠኝ አልተቃጠለም፤ ጥቁር የታረሰ አፈር ነው። ነጥብ አሥራ ሰባትም አልተቃጠለም፤ አለት ነው። የመጀመሪያውን አመድ መስሎን፣ ሁለተኛውን ግን እያወቅን «ተቃጥሏል» ብለናል። ነጥብ ሃያን ከሩቅ ነበር ያየነው፤ ዛሬ ሄድሁ፤ እርሱ እውነት ነው። ስለዚህ አሥራ ሰባት ከሃያ ነሽ።

አየሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሚኮርጅ ልጅ ስይዝ ኖሬ፣ በመጨረሻ ራሴ ኮረጅሁ። ያውም መልሱን ለማስመሰል ሜዳ አቃጥዬ። ለአለቃሽ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በፊርማዬ እጽፋለሁ በያት። ያንን ችቦ ስላሳጣሁሽ ግን የምጽፈው አጣሁ።

አያትሽ

(በጠርዙ፦) ክብሪቱ ከእኔ ጋር ነው። ሦስቱንም ግቢ ውስጥ አሰልፌ ስም ጠራሁ። «አቤት» አሉ።


የካቲት 8

አባባ! አባባ! አባባ!

ሰላምታው ይኸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ብያለሁ።

የምጽፍልዎ ከሜዳው ላይ ነው። ጓንት ስላደረግኩ ፊደሌን ይቅር ይበሉኝ፤ ቀዩን እስክሪብቶ ዛሬ ያስተኙት።

ለአለቃችን እንደነገርኳት ገና አልጻፍኩልዎትም። ያቺን ደብዳቤ በጻፍኩልዎ ማግስት ገብቼ «ሃያ ከሃያዬ ታሟል» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«ነጥብ አሥራ አራት በተሳሳተ ቀን ነው የተቃጠለው።»

«እሳት ቀን ይሳሳታል እንዴ?»

«ሦስት ሽማግሌ ከረዱት ይሳሳታል።»

የእርስዎ መልስ ሲደርሰኝ ደግሞ ሁሉን አነበብኩላት። ሳቀች፤ ወንበር እስክትይዝ ሳቀች። ባለ ወፍጮው የተንከባለሉበት ላይ ስደርስ ግን ድንገት አቆመች። «ልጄ» አለችኝ፣ «በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው እሳቱ ስለጎለበተ ብቻ አይምሰልሽ። አለቃው ቅር እንዳይለው ብሎ ነፋሱን አሳንሶ የሚነግረው ደግ ሰው ስላለ ነው የሚሞተው።» ከዚያ የእርስዎን አሥራ ሰባት ጻፈች፤ ችቦውን ለረጅሙ ሰጠች። ልክ ናት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጥቅል ወረቀት ያህል።

ትናንት ግን ጠራችኝ። «ነፋስ የሚለካልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ችቦ የለውም፤ ቆሞ መለካትና መጮህ ነው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስማት የማልፈልገውን ቁጥር ፊቴ ላይ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

«እርስዎን አላውቅም እንጂ አያቴን ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሲለቅ ሁላችንም ተሰለፍን። የውሃ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ሊያዩ የመጡ ትልልቅ ሰዎች ካፖርታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ረጅሙ ችቦውን ይዞ ሊፈነዳ ደርሷል። አለቃችን ዞረችና «ነፋሱ?» አለች። መለኪያዬን አየሁ። ከልኩ ያልፋል፤ በጥቂት ነው፣ ግን ያልፋል። ሁሉም ሰው ያየኛል። አባባ፣ የምር እነግርዎታለሁ፣ ያን ጊዜ የባለ ወፍጮው ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ ሰው ከማሳፈር ሜዳ ማቃጠል ይቀላል።

«ከልኩ አልፏል» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ወጣ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አይለኮስም!»

ሞተሩ ጠፋ። ትልልቆቹ ሰዎች ሰዓታቸውን አዩ። ረጅሙ በዓይኑ ጠበሰኝ፤ የዕለቱ የመጀመሪያ ቃጠሎ እኔ ሆንኩ። አለቃችን ግን ከጎኔ መጥታ ቆመች፤ ዳቦዋን ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። አብረን ነፋሱን ጠበቅነው። እንደ አኩራፊ ሰው ቀስ እያለ ተመለሰ። እንደገና ለካሁ። እንደገና። ከዚያ በሙሉ ድምፄ «ልክ ነው!» አልኩ፤ በሬዲዮ የሰሙኝ ጆሯቸውን ያዙ።

አሁን እየነደደ ነው! ድምፁን ማንም አልነገረኝም ነበር። መጀመሪያ እንደሚቀደድ ጨርቅ ነው፤ ሰፊው ቢሰሙት ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግሩን ነበር። በነፋሱ ፊት እንዲሮጥ አልተለቀቀም፤ ነፋሱን ፊት ለፊት እያየ ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው የለኮሱት። ስለዚህ አይዘልም፣ አይሮጥም፤ እንደ ወፍራም ሴትዮ ሜዳው ላይ ተንፏቅቆ በቅጡ እያኘከ ይሄዳል። ከፊቱ ፌንጣዎች ይዘላሉ፤ ዘመዶቼ ናቸው፣ አበረታታቸዋለሁ። ከበላው ሥር መሬቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጭሱን እየተነፈሰ ይቀራል። ረጅሙ ችቦውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲሄድ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ጥርሱ ብቻ ይታያል፤ ከዚያ ርቀት ሆኖ ለእኔ እጁን አወዛወዘ። እኔም አወዛወዝኩ። አላስቀናኝም። እሺ፣ አስቀንቶኛል፤ ግን እሱ የሚያየው የእግሩን ሥር ነው፣ እኔ ሁሉንም አያለሁ!

አባባ፣ ዜሮዎን ሰርዣለሁ። ቀጣሪዎ እኔ ነኝ፣ ሥልጣኑ አለኝ። ያልተቃጠለውን አልተቃጠለም ብለው ብቻዎን ዞረው የጻፉባት ያቺ ወረቀት ባትኖር ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ለሚመጣው ዓመት ሃያ አዲስ ነጥቦች…

ቆይ፣ በየጥቂት ደቂቃው ልለካ ተነግሮኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በነፋስ መመዝገቢያው ወረቀት ጀርባ ነው፤ ፊቱ ላይ መሞላት ያለበት አንድ ባዶ ቦታ ይታየኛል። ምናልባት ሁለት። አለቃችን ጀርባዋን ሰጥታ ከውሃ መኪናው ሰው ጋር እያወራች ነው፤ አላየችኝም። ዞረች። አየችኝ። ግማሿ ቅንድብ ሙሉ በሙሉ ተነሥታለች፤ በሬዲዮ፣ ሜዳው ሁሉ እየሰማ፦

«የምትጽፊው ነገር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚነፍሰው፣ ፌንጣ!»